ናውሩ፦ የፎስፌት ደሴትና የማዕዷ ታሪክ

ናውሩ በመካከለኛው ፓስፊክ፣ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ የምትገኝ ነጠላ ደሴት ናት። ስፋቷ 21 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ የሕዝቧ ቁጥርም ወደ 12,000 ነው። ዳር ዳሯን የሚዞረው መንገድ 19 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ መላዋን አገር በመኪና ዞሮ ለመጨረስ ከግማሽ ሰዓት ብዙ አይፈጅም። በሕግ የተሰየመ ዋና ከተማ የላትም፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶቹ ያሬን በሚባለው ወረዳ ተሰባስበዋል። የቅርብ ጎረቤቷ ባናባ ደሴት እንኳ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች።

የዓለም ሪፐብሊኮች ሁሉ ታናሽ የሆነችው ይህች አገር በሕክምና መጻሕፍት ውስጥ ከስፋቷ ጋር የማይመጣጠን ቦታ ይዛለች። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2016 ባሰላው ግምት ከናውሩ ጎልማሶች 61 በመቶው ከመጠን ያለፈ ውፍረት ነበረባቸው፤ ከዓለም አገሮች ከፍተኛው መጠን ማለት ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት፣ ወራትና ቀናት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ቁጥሩን የሰማ ሁሉ የሚደርስበት ድምዳሜም ተመሳሳይ ነው፦ በድንገት ሀብት ያገኘ ሕዝብ በላ፣ ተኛ፣ ታመመ። ለጋዜጣ የሚመች አጭር ትረካ ነው። የናውሩ ልጆች ከሀብቱ ዘመን ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ቀደም ብሎም በምግብ ሰበብ ያልቁ እንደነበር ግን አይናገርም። ያኔ የገደላቸው ጉድለት ነበር፤ ኋላ የመጣው ትርፍ ነው። ሁለቱም የገቡት በአንድ በር፣ በመርከብ በሚመጣ ምግብ በኩል ነው።

ደሴቲቱ ራሷን ስትመግብ

በናውሩ ለም የሚባለው መሬት የባሕሩን ዳርቻ ተከትሎ የሚዞር፣ ወርዱ ከ100 እስከ 300 ሜትር የሆነ ቀበቶ ነው። ኮኮናትና ፓንዳነስ የተባለው ባለፍሬ ዛፍ የሚበቅሉት፣ ሰዉም የሚሰፍረው እዚያ ነው። ከቀበቶው ወደ ውስጥ ገደሉ ይነሳና ነዋሪዎቹ ቶፕሳይድ ወደሚሉት ደጋማ ቦታ ያወጣል። በመካከሉ ቡዋዳ የተባለች ትንሽ ሐይቅ በረባዳ ስፍራ ላይ ተኝታለች። ወንዝ የሚባል ነገር የለም፤ ዝናቡም አንዳንድ ዓመት እስኪበቃ ይዘንባል፣ አንዳንድ ዓመት ደግሞ ለወራት ይጠፋል።

በዚህ መሬት ላይ ሕይወት ምቹ ነበር ማለት አይቻልም። በድርቅ ዘመን ረሃብ ይገባ ነበር፤ ሕዝቡም ይህን የሚቋቋምበት ዘዴ አበጅቶ ነበር። የፓንዳነስ ፍሬ በስሎና ደርቆ ለክፉ ቀን ይቀመጣል። ከባሕሩ ጥልቅ ቱና፣ ከዳርቻው ትናንሽ ዓሣ ይያዛል። ኢቢያ የተባለው ዓሣ ጫጩት ሳለ ከባሕር ዳር ተለቅሞ፣ ቀስ በቀስ ከጨዋማ ያልሆነ ውኃ ጋር እንዲላመድ ተደርጎ ቡዋዳ ሐይቅ ውስጥ ያድግ ነበር፤ ሐይቁም በቤተሰብ በቤተሰብ የተከፋፈለ ነበር። ሌሊት ሌሊት ደግሞ ከባሕር ወደ ማደሪያቸው የሚመለሱ ጥቋቁር የባሕር ወፎች በመረብ ይጠመዳሉ። የወፍ አደኑ ዛሬም አልቀረም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው ቶዲ ነው። ያልፈነዳው የኮኮናት አበባ ጫፉ በየጊዜው በስሱ እየተቆረጠ ከሥሩ ዕቃ ይታሰርለታል፤ ጣፋጭ ፈሳሽ ይንጠባጠብበታል። ትኩሱን ልጆች ይጠጡታል፤ ሲያድር እንደ ጠጅ ይፈላል። ሐኪሞች ያልገባቸውን ነገር ይህ መጠጥ ለብዙ ትውልድ ሲሠራ ኖሯል።

የታገደው መጠጥ

ጀርመን ደሴቲቱን በ1888 ያዘች። አልበርት ኤሊስ የተባለ የአንድ ኩባንያ ሠራተኛ በ1899 ሲድኒ በሚገኘው ጽሕፈት ቤቱ የበር መያዣ ሆኖ የተቀመጠ ድንጋይ መርምሮ ከፍተኛ ጥራት ያለው ፎስፌት፣ ማለትም ለማዳበሪያ የሚሆን ማዕድን መሆኑን አወቀ። ድንጋዩ የመጣው ከናውሩ ነበር። ቁፋሮው በ1906 ተጀመረ፤ ከቻይናና ከአጎራባች ደሴቶች የጉልበት ሠራተኞች መጡ፤ ከእነሱም ጋር ሩዝ፣ ዱቄት፣ ስኳርና በቆርቆሮ የታሸገ ሥጋ መጣ። ባለመሬቶቹ ለአንድ ቶን ይከፈላቸው የነበረው ግማሽ ፔኒ ነበር፤ ያችም ብትሆን ከኩባንያው መደብር ሩዝ ትገዛለች።

አውስትራሊያ ደሴቲቱን በ1914 ከጀርመን ወሰደች፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነትም በኋላ ከብሪታንያና ከኒው ዚላንድ ጋር በመንግሥታት ማኅበር ሞግዚትነት ያዘቻት። በ1920 እኛ የኅዳር በሽታ ብለን የምናስታውሰው ኢንፍሉዌንዛ ደርሶ ከናውሩ ተወላጆች 18 በመቶውን ገደለ። የቀሩት ጥቂት ከመሆናቸው የተነሳ አስተዳደሩ ይህ ሕዝብ ዘሩ እንዳይጠፋ ቁጥሩ ቢያንስ 1,500 መድረስ አለበት አለ።

ቁጥሩ እንዲጨምር ደግሞ የሚወለዱት ልጆች መኖር ነበረባቸው፤ አልኖሩም። በ1920ዎቹ ጡት ከመጥባት በቀር ሌላ ምግብ ያልቀመሱ፣ ሲታዩ ደህና የሚመስሉ ሕፃናት ከሁለት እስከ አምስት ወር ባለው ዕድሜያቸው በድንገት ይሞቱ ነበር። በሽታው የሕፃናት ቤሪቤሪ ነው። ቤሪቤሪ የሚመጣው ቫይታሚን ቢ1፣ ማለትም ታያሚን ሲጎድል ነው። ሰውነት ይህን ቫይታሚን ብዙ አያከማችም፤ ሩዝ ሲፈተግም አብዛኛው ከፉርሽካው ጋር ይሄዳል። እናትየዋ ያን ያህል ሳትታመም ወተቷ ባዶ ይሆናል። ሕፃኑ ያለቅሳል፣ አፉ ይከፈታል፣ ድምፁ ግን ይጠፋል፤ ብዙ ሳይቆይ ልቡ ትደክማለች።

ደሴቲቱ ላይ የነበረው የሕክምና ኃላፊ ብሬይ ነገሩን የተረዳው ጥፋቱን እናቶቹ ላይ ሳይጭን፣ ምን ይበሉና ይጠጡ እንደነበር በመጠየቁ ነው። የጎደለው ቶዲ ነበር። አስተዳደሩ የፈላውን ቶዲ አስካሪ ነው ብሎ ከልክሎት ነበር። የሚፈላው ደግሞ በእርሾ ነው፤ እርሾም በቫይታሚን ቢ ቤተሰብ የበለጸገ ነው። ፎስፌቱ ያመጣው ነጭ ሩዝ ቫይታሚኑን ቀንሶ፣ ሕጉ ደግሞ የቀረውን ምንጭ ዘጋ። ብሬይ ለነፍሰ ጡሮችና ለሚያጠቡ እናቶች ቶዲ እንዲሰጥ አደረገ፤ የሕፃናቱም ሞት በጉልህ ቀነሰ። ውጤቱን በ1920ዎቹ መጨረሻ በሕክምና መጽሔት አሳተመ። ታያሚን ራሱ ከሩዝ ፉርሽካ ተነጥሎ የወጣው በጃቫ በ1926 ስለነበር፣ የዚያን ዘመን ሹማምንት ስካሩን ብቻ ማየታቸው ብዙ አያስገርምም። የሚያስገርመው ይህ ታሪክ ስለ ናውሩ ጤና በሚጻፈው ውስጥ እንዲህ እምብዛም አለመነሳቱ ነው፤ በሥነ ምግብ ታሪክ ከማውቃቸው ጥርት ያሉ ማስረጃዎች አንዱ ነውና።

1,500ኛዋ ሕፃን የተወለደችው ጥቅምት 26 ቀን 1932 ነው። ዕለቱ አንጋም በሚል ስም እስከ ዛሬ ብሔራዊ በዓል ሆኖ ይከበራል።

ጦርነትና ዱባ

ጃፓን በነሐሴ 1942 ደሴቲቱን ያዘች። በሚቀጥለው ዓመት 1,200 የናውሩ ሰዎች ያኔ ትሩክ ትባል ወደነበረችው ወደ ቹክ ደሴቶች ተጋዙ። የተባበሩት ኃይሎች መርከብ እንዳያልፍ ሲዘጉ በሁለቱም ቦታ ረሃብ ገባ። ናውሩ ላይ በቀሩት ዘንድ ዱባ በበርሜል ግማሽ ውስጥ ይተከልና በሰው ዓይነ ምድር ይዳበር ነበር፤ ምርቱ ጥሩ ነበር፣ የተቅማጥ ወረርሽኙም እንዲሁ። ከቹክ በሕይወት የተረፉት 737 ሰዎች ጥር 31 ቀን 1946 አገራቸው ገቡ። እነዚህ ሰዎች የተመለሱት ቁፋሮው እንደገና ወደሚጀመርባት፣ ምግቡም ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ከአውስትራሊያ ወደሚመጣባት ደሴት ነው። በሁለት ትውልድ ውስጥ ይህን ያህል ረሃብ ያየ ሕዝብ ሙሉ ሰሐንን እንደ ደህንነት ምልክት ቢያይ ማንም ሊፈርድበት አይገባም።

የገንዘቡ ዘመን

ነፃነት ሲመጣ የተመረጠው ቀን ያው ጥር 31 ነበር፤ ዓመቱ 1968። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ሐመር ዴሮበርት ናቸው። የፎስፌቱ ንብረት በ21 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ተገዝቶ በ1970 ሙሉ በሙሉ በናውሩዎች እጅ ገባ። ለጥቂት ሺህ ሕዝብ ገቢው ከአቅም በላይ ነበር። የገቢ ግብር አልነበረም፤ ትምህርትም ሕክምናም በነፃ ሆነ፤ እዚያ የማይታከም ሰው በመንግሥት ወጪ ወደ አውስትራሊያ ይላካል። አገሪቱ የራሷ አየር መንገድ ነበራት፤ በ1977 ደግሞ ሜልቦርን ላይ 52 ፎቅ ያለው ሕንፃ አቆመች።

ድንጋዩን የሚቆፍሩት በአብዛኛው የውጭ አገር ሠራተኞች ነበሩ። የናውሩ ሰው ቢሮ ይቀመጣል፣ በመኪና ይሄዳል፣ ከመደብር ይገዛል። በዚሁ ጊዜ ቶፕሳይድ እየተጋጠ ነበር። ፎስፌቱ የሚገኘው በኮራል ድንጋይ ዓምዶች መካከል ስለሆነ፣ ተጠርጎ ሲወጣ የሚቀረው ከሰው ቁመት በላይ የሆኑ ሹል ዓምዶች ያሉበት፣ አፈር የሌለበት መሬት ነው። ከደሴቲቱ ስፋት 80 በመቶ ያህሉ በዚህ መንገድ ተበላሽቷል። ከዛፎቹ ጋር የዛፉ ምግብ ሄደ። ቡዋዳም አልተረፈችም፤ በ1960ዎቹ የገባው ቲላፒያ የተባለ ዓሣ ሐይቁን አጥለቅልቆ የኢቢያን እርባታ አከሰረው።

በ1975 የሜልቦርኑ ሐኪም ፖል ዚመት ከባልደረቦቻቸው ጋር የናውሩን ጎልማሶች ደም መረመሩ። 34 በመቶ ያህሉ የስኳር በሽታ ነበረባቸው። በዚያን ጊዜ እንዲህ ያለ መጠን ይታወቅ የነበረው በአሜሪካ ግዛት በአሪዞና በሚኖሩት ነባር ሕዝቦች፣ በፒማዎች ዘንድ ብቻ ነበር። ውጤቱ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲታተም ናውሩ በአንድ ጊዜ የስኳር በሽታ ተመራማሪዎች መዳረሻ ሆነች፤ በ1980ዎቹም የክትትል ጥናቶች ተደረጉባት።

ስለ ምክንያቱ የቀረበው መላ ምት ከናውሩ ይቀድማል። ጄምስ ኒል የተባሉ የዘረመል ሊቅ በ1962 ቆጣቢ ዘረመል የሚል ሐሳብ አቅርበው ነበር፦ ረሃብ በሚደጋገምበት አገር ስብን በፍጥነት የሚያከማች ሰው ይተርፋል፤ ጥጋብ ሲመጣ ግን ያው ተሰጥኦ በሽታ ይሆንበታል። ናውሩ ለዚህ ሐሳብ የተሰፋች ትመስል ነበር። ኒል ራሳቸው ኋላ ላይ በሐሳባቸው ላይ ጥርጣሬ ገብቷቸዋል። እኔም የማልስማማው እዚህ ላይ ነው። ዘር ድርሻ የለውም ለማለት አይደለም፤ ነገር ግን ምክንያቱን በናውሩ ሰው ደም ውስጥ መፈለግ ማዕድኑን፣ መደብሩንና የመርከቡን ጭነት ከታሪኩ ያስወጣል። በዚያ ላይ ክስተቱ የፓስፊክ ብቻ አይደለም። በዘመቻ ሙሴ ከኢትዮጵያ ወደ እስራኤል ከገቡት ቤተ እስራኤላውያን ወጣቶች መካከል በጥቂት ዓመታት ውስጥ የስኳር በሽታ በከፍተኛ መጠን መታየቱን የሚያሳይ ጥናት በ1988 ታትሟል። ጎንደሬውንና ናውሩውን የሚያገናኝ የዘር ሐረግ መፈለግ ትርፉ ድካም ነው፤ ሁለቱንም ያገኛቸው ግን በአጭር ጊዜ ሥር ነቀል የሆነ የኑሮና የማዕድ ለውጥ ነው።

ገንዘቡ ሲሄድ

የፎስፌቱ ክምችት በ1990ዎቹ እየመነመነ መጣ። ለመጪው ትውልድ የተቀመጠው የአደራ ገንዘብ በክፉ ንግድና በብድር ባከነ። የሜልቦርኑ ሕንፃ በ2004 ተሸጠ፤ በ2005 የአየር መንገዱ አውሮፕላን በዕዳ ተወሰደ። ሀብት ነው ያሳመማቸው የሚለው ትረካ እውነት ቢሆን ኖሮ ድህነቱ ባሻላቸው ነበር። ገንዘቡ ሲሄድ ግን ሩዙ፣ ስኳሩና የቆርቆሮ ሥጋው ቀሩ፤ የቀነሰው ጥራቱ ነው። በእጅ ያለው ገንዘብ ሲያጥር ሰው ቶሎ የሚያጠግበውን ርካሽ ነገር ይገዛል።

በዛሬዋ ናውሩ የተለመደው ማዕድ ነጭ ሩዝ፣ በረዶ ቤት የቆየ ዶሮ፣ የተጠበሰ ነገር፣ የታሸገ ሥጋ፣ ፈጣን ኑድልና ለስላሳ መጠጥ ነው። ቻይናውያን የሚያስተዳድሯቸው ትናንሽ ምግብ ቤቶችና ሱቆች በየወረዳው አሉ። አትክልትና ፍራፍሬ በመርከብ ወይም በአውሮፕላን ስለሚመጡ ውድ ናቸው፤ መርከቡ ሲዘገይ ደግሞ መደርደሪያው ባዶ ይሆናል። ውኃውም እንደዚሁ ነው፦ የሚጠጣው ከጣሪያ የተጠራቀመ ዝናብ ወይም ጨዉ ተጣርቶ የወጣለት የባሕር ውኃ ነው። የጓሮ አትክልት ልትከል ያለ ሰው መጀመሪያ አፈር፣ ቀጥሎ ውኃ ይቸግረዋል። ቱናን ጥሬውን በኮኮናት ወተት ነክሮ መብላት አሁንም ይወደዳል፤ በየቀኑ የሚገኝ ግን አይደለም።

ከውጭ ሲታይ እንቆቅልሽ የሚመስለው የሕፃናቱ ነገር ነው። በ2007 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 24 በመቶው የቀነጨሩ፣ ማለትም ለዕድሜያቸው ቁመታቸው ያጠረ ሆነው ተገኝተዋል። ወላጅ ወፍሮ ልጅ የሚቀነጭርበት ቤት አለ ማለት ነው። ሆድ የሚሞላው ምግብ ኃይል ይሰጣል እንጂ ለአጥንት፣ ለደምና ለአእምሮ የሚያስፈልገውን ማዕድንና ቫይታሚን በበቂ አይዝም። የቤሪቤሪ ዘመን አመክንዮ ነው፤ የተለወጠው የካሎሪው መጠን ብቻ ነው። የጎልማሶቹ ግማሽ ያህል አጫሽ መሆናቸው ሲጨመርበት የልብና የደም ሥር በሽታ ለምን ብዙ ወጣቶችን እንደሚወስድ መገመት አያዳግትም። በዚህ ምዕተ ዓመት መጀመሪያ ላይ በተሠሩ ስሌቶች የወንዶች አማካይ ዕድሜ ከ60 ዓመት በታች ነበር። የናውሩ ሪፐብሊክ ሆስፒታል የተቋቋመው በ1999 ሁለት ሆስፒታሎች፣ የመንግሥቱና የፎስፌት ኩባንያው፣ ሲዋሐዱ ነው፤ ሥራው ግን ከአገሪቱ አቅም በላይ ነው። የኩላሊት እጥበትና በቁስል ሳቢያ የሚቆረጡ እግሮች የዕለት ተዕለት ጉዳይ ናቸው።

ምን ተሞከረ?

ከሁሉ ቀድሞ የመጣው ምክር ነው፦ ተራመዱ፣ ስኳር ቀንሱ። ብዙ ሰው ማታ ማታ በአውሮፕላን ማረፊያው ዙሪያ ይራመዳል፤ ሌላ ረጅምና ሜዳ የሆነ ቦታ የለማ። ስፖርት ይወደዳል፤ የአውስትራሊያ እግር ኳስና ክብደት ማንሳት የአገሪቱ ኩራት ናቸው። በኮመንዌልዝ ውድድር ሰባት የወርቅ ሜዳሊያ ያገኙት ክብደት አንሺ ማርከስ ስቲፈን ከ2007 እስከ 2011 ፕሬዚዳንት ነበሩ።

ከምክሩ ይልቅ የሚጠቀሰው እርምጃ የተወሰደው በ2007 ነው። መንግሥት ከውጭ በሚገባ ስኳር፣ ከረሜላና ጣፋጭ መጠጥ ላይ 30 በመቶ ቀረጥ ጣለ፤ በታሸገ ውኃ ላይ የነበረውን ደግሞ አነሳ። የአገር ውስጥ የስኳር ወይም የለስላሳ ፋብሪካ በሌለበት፣ ሁሉም በአንድ ወደብ በሚገባበት አገር ይህ ቀረጥ ለመሰብሰብ ቀላል ነው። ብቻውን ግን ግማሽ መፍትሔ ነው፤ ጣፋጩን ማስወደድ ቲማቲሙን አያረክሰውም።

የምርቱን ጎን ለማገዝ ታይዋን ለብዙ ዓመታት አትክልት የሚያለሙና ኢቢያን መልሰው የሚያረቡ ባለሙያዎች ትልክ ነበር። ናውሩ በጥር 2024 ታይዋንን ትታ ለቻይና ዕውቅና ስትሰጥ ያ ትብብር አከተመ። የአንዲት ደሴት ጎመን በታይፔና በቤይጂንግ ፉክክር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር ብል ብዙም አላጋነንኩም።

ቱናው ሌላ ጉዳይ ነው። በ1982 በናውሩ የተፈረመው ስምምነት ቱና ያለባቸውን የፓስፊክ አገሮች አንድ አድርጎ የውጭ መርከቦችን ያስከፍላል፤ ገቢው ዛሬ ከመንግሥቱ ዋና ዋና ምንጮች አንዱ ነው። አውስትራሊያ ከ2001 እስከ 2008፣ ኋላም ከ2012 ጀምሮ ጥገኝነት ጠያቂዎችን እያመጣች የምታቆይበት ማዕከልም ገንዘብ አምጥቷል። ሁለቱም ለሆስፒታሉ መድኃኒት ይገዛሉ፤ አፈር ግን አይመልሱም።

ስለ አፈሩ ናውሩ አውስትራሊያን በ1989 በዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ከሳ ነበር። በ1993 ጉዳዩ 107 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በሚያስከፍል ዕርቅ አለቀ፤ የተጋጠውን መሬት መልሶ የማልማት ሥራ ግን እስካሁን የሸፈነው ጥቂቱን ነው። በ2025 ደግሞ መንግሥት ዜግነት በ105,000 የአሜሪካ ዶላር የሚሸጥበትን መርሐ ግብር ጀመረ። ከሚሰበሰበው ገንዘብ አንዱ ዓላማ ባሕሩ ከፍ እያለ የሚያሰጋውን የዳርቻ ሕዝብ ወደ ቶፕሳይድ ማዛወር ነው። ለመኖሪያ መጀመሪያ ዓምዶቹ ይደለደላሉ፤ ለእርሻ ደግሞ ከዚያ በላይ በመርከብ የሚገባ አፈር ወይም ለዓመታት የሚዘጋጅ ፍግ ይጠይቃል።